እመት ቆቅና ስም የለሹ እንግዳ

ተረት ልጀምር ነው። የሚስል አሁኑኑ ይሳል፤ ቦታ ያልያዘ ይያዝ። ኋላ መሀል ላይ «ምን አለ? ምን አለ?» እያለ የሚያቋርጠኝን አልወድም። ተቀመጣችሁ? እንግዲያው ስሙኝ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ሁሉ እንደ እኛ ያርሱ፣ እንደ እኛም በውሃ ይጣሉ በነበረበት ዘመን፣ በአንድ ሸለቆ ውስጥ አንዲት ትንሽ ምንጭ ነበረች። ከምንጯ አንድ ቦይ ይወጣል። በቦዩ ራስ ላይ የአያ ዝንጀሮ ድንች አለ። ከእሱ ዝቅ ብሎ የአያ ጃርት ቀይ ሥር አለ። ከእሱ ዝቅ ብሎ የእመት ሚዳቋ ጎመን አለ። ከሁሉም በታች፣ ቦዩ ቀጥኖ ቀጥኖ ሊጠፋ ሲል፣ የእመት ቆቅ ገብስ አለ።

እመት ቆቅ ባሏን ጭልፊት የወሰደባት፣ ጫጩቶቿን ብቻዋን የምታሳድግ ነበረች። በዚያ ዓመት ገብሷ ደህና አድርጎ በቅሎላት ነበር። ዛላው ወጥቶ ፍሬ ሊይዝ ትንሽ ነው የቀረው። ገብስ ደግሞ በዚያን ጊዜ ውሃ ካጣ አለቀለት፤ ዛላው ቆሞ ይቀራል እንጂ ውስጡ ባዶ ነው። ዛላው ባዶ ከሆነ ጫጩቶቹ ክረምቱን አይወጡትም። እመት ቆቅ ይህን አሳምራ ታውቃለች፤ ስለዚህ ጧት ማታ ዓይኗ ከቦዩ ላይ አይነቀልም።

ውሃው በተራ ነበር። ተራውን የሚያስከብረው የውሃ አባት ይባላል፤ የውሃ አባቱም አባ ኤሊ ነበሩ። አባ ኤሊ ማሳ የላቸውም፤ ቤታቸውንም ተሸክመው ነው የሚዞሩት። «ለማንም ጎረቤት አያደሉም» ተብለው ተመረጡ።

ተራው የሚለካው በጥላ ነበር። ከምንጯ አጠገብ የበቀለው የሾላ ዛፍ ጥላ ከአንዱ ድንጋይ ተነስቶ ሌላው ድንጋይ ላይ እስኪደርስ የአንዱ ተራ ነው። ነገሩ ባልከፋ፤ ግን ደመና ሲመጣ ጥላው ይጠፋል። ደመና በሌለበት ቀን ደግሞ አያ ዝንጀሮ አለ። አያ ዝንጀሮ ዘወር ሲሉለት ድንጋዩን በመቀመጫው ገፋ ያደርገዋል።

«ይህ ድንጋይ ትናንት እዚህ አልነበረም» ይላል ጃርት።

«ድንጋይ እግር የለው፣ የት ይሄዳል?» ይላል ዝንጀሮ።

«እግር የለውም፤ አንተ ግን መቀመጫ አለህ» ይላል ጃርት።

እንዲህ ሲጨቃጨቁ ጥላው ይሄዳል፣ ፀሐይ ትጠልቃለች፣ እመት ቆቅም ሳታጠጣ ወደ ጫጩቶቿ ትመለሳለች።

አንድ ቀን ከሸለቆው በላይ ነጋዴዎች ሲያልፉ፣ ከበቅሎ ጭነት ላይ በገለባ የተጠቀለለ ዕቃ ወደቀ። ተንከባለለ፣ ተንከባለለና ምንጯ አጠገብ መጥቶ ቆመ። እንስሳቱ ገለባውን ሲገፉት አይተውት የማያውቁት ጉድ ወጣ። ሁለት የብርጭቆ ሆዶች አፍ ለአፍ ገጥመው፣ አንገታቸው ላይ በክርና በሰም ተጣብቀዋል። ውስጡ ደቃቅ አሸዋ አለ። ሲያቆሙት አሸዋው ከላይኛው ሆድ ወደ ታችኛው እየቀጠነ ይወርዳል።

«እንኳን ደህና መጣህ» አሉት አባ ኤሊ። «ለመሆኑ ማን ይሉሃል?»

«የመጣሁት ከሩቅ አገር ነው» አለ ብርጭቆው። «የዚያ አገር ስሜን ብነግራችሁ ምላሳችሁ ይተሳሰራል። እናንተው ስም አውጡልኝ።»

አያ ዝንጀሮ ቀድሞ ዘለለ። «ምን ማውጣት ያስፈልገዋል! ሁለት ብርሌ አፍ ለአፍ ተሳሳመ። ብርሌ ነው! ይልቅ ጠጁ የታለ?»

ብርጭቆው ተቆጣ። «ብርሌ ትለኛለህ? እኔ ጊዜ የምለካ ነኝ! ይህ አሸዋ ወርዶ ሲያልቅ ሰዓቱ አለቀ ማለት ነው። ደመና ቢመጣ አይገደኝ፣ ጥላ ቢጠፋ አይገደኝ። ስም ካወጣችሁልኝ ዳኛ በሉኝ።»

አባ ኤሊ ብዙ አሰቡ። እሳቸው ሲያስቡ ሰው ምሳውን በልቶ ይመለሳል። ኋላ እንዲህ አሉ፦

«ብርሌም ይቆይ፣ ዳኛም ይቆይ። ሥራህን እንይና ስምህን ያን ጊዜ እናወጣለን።»

የአሸዋውን ስም የጠየቀ ማንም አልነበረም። አሸዋውም ዝም ብሎ ይወርድ ነበር።

ከዚያ አባ ኤሊ ሕግ አወጡ። «አሸዋው ወርዶ እስኪያልቅ የአንዱ ተራ ነው። ሲያልቅ እኔ እገለብጠዋለሁ፤ ውሃው ለሚቀጥለው ይሄዳል። ከእኔ በቀር ይህን ዕቃ የነካ የዚያን ዙር ተራውን ያጣል።»

ሁሉም ተስማሙ። ዝንጀሮ የተስማማው የመጀመሪያው ተራ የእሱ ስለሆነ ነው። እመት ቆቅ ደግሞ መጨረሻም ብትሆን አንድ ቀን እንደሚደርሳት ስላወቀች ደስ አላት። በዓይኗ የምታየው፣ ማንም በመቀመጫው የማይገፋው ተራ አገኘች።

አባ ኤሊ ዕቃውን ገለበጡት። ዝንጀሮ ቦዩን ወደ ማሳው ከፈተ። አባ ኤሊም አንገታቸውን ወደ ቤታቸው አስገብተው ሾላው ሥር አረፉ።

ፀሐይዋ ከረረች። እመት ቆቅ ተራዋ ገና ቢሆንም አላስችል ብሏት መጥታ ከምንጯ ዳር ተቀምጣለች። እንግዳው ዕቃ ድንጋይ ላይ ብቻውን ቆሟል። ብርጭቆው ከሙቀቱ የተነሣ እንቅልፍ ወስዶታል፤ አሸዋው ግን ይወርዳል፣ ይወርዳል።

እመት ቆቅ አየችውና አንጀቷ ተንሰፈሰፈ። «ውይ! ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ፣ ውሃ ዳር አቁመነው፣ አንድ ጉንጭ እንኳ ያቀመሰው የለም! ምን ዓይነት አገር ነው የሚለን?»

በምንቃሯ ውሃ ቀዳች። ፀሐይ ያለሰለሰውን ሰም ጫር አደረገችና ቀዳዳ ከፈተች። ሕጉን ረስታ ነው? አልረሳችውም። ግን እንግዳን ማጠጣት እንደ መንካት ይቆጠራል ብላ በሕልሟም አላሰበችም።

«ይህችን ጠጡልኝ» አለች።

«እግዜር ይስጥልን» አለ አሸዋው፤ ድምፁ ዱቄት ሲነፋ እንደሚሰማው ያለ ነበር። «እኛ ግን ውሃ አንፈልግም።»

«እንዴ! በሞቴ!» አለችና ጨመረች።

ሁለተኛ ቀድታ መጣች።

«በቃን፣ እመት ቆቅ» አለ አሸዋው።

«አፈር ስሆን! ይህችን ብቻ!» አለችና ጨመረች።

ሦስተኛ ቀድታ መጣች።

«ኧረ በእውነት በቃን!» አለ አሸዋው።

«እንግዳ መቼም እንዲህ ነው፣ ያፍራል» አለች እመት ቆቅ። ያንንም ጨመረችና ሰሙን መልሳ አጣበቀች።

እስቲ አትሳቁባት። ከእናንተ መሀል እንግዳው «በቃኝ» ሲል ያመነው ማን ነው? እጁን ሳህኑ ላይ ዘርግቶ እየተከላከለ በጣቶቹ መሀል ወጥ የምታፈሱበት እናንተ አይደላችሁም?

አሸዋው ረጠበ። የረጠበ አሸዋ ደግሞ እርስ በርሱ ተያይዞ ይቆማል። አንገቱ ላይ ተያይዞ ቆመ። እመት ቆቅ እንግዳ ያጠጣች መሆኗ ደስ እያሰኛት ወደ ጫጩቶቿ ሄደች።

ዋሉ። ዝንጀሮ ያጠጣል። አደሩ። ዝንጀሮ ያጠጣል። ደግሞ ዋሉ። አባ ኤሊ አንገታቸውን ብቅ አድርገው አሸዋውን ያያሉ። «አላለቀም» ይላሉ። «የዚህ እንግዳ አገር ሰዓት ረጅም ነው መሰለኝ» ይሉና አንገታቸውን መልሰው ያስገባሉ። እሳቸው መቼም የሚያስቸኩላቸው የለም።

እመት ቆቅን ግን የሚያስቸኩላት ነበራት። የገብሷ ቅጠል ጫፉ ነደደ። ወደ አያ ዝንጀሮ ሄደች።

«አያ ዝንጀሮ፣ ተራህ አላለቀም?»

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ?» አለ ዝንጀሮ፣ ውሃው ውስጥ እግሩን እያጠበ። «ሂጂና አሸዋውን እዪ። ላይ አለ? አለ። እንግዲያው ተራዬ ነው። ሕግ አክባሪ ሁኚ እንጂ!»

ተመለሰች። ገብሱ ወገቡን አጎበጠ። ወደ ብርጭቆው ሄደች።

«ጌታው፣ ሰዓቱ ገና ነው?»

«ላይኛው ሆዴ አልጎደለም» አለ ብርጭቆው፣ ተኮፍሶ። «ሆዴ ካልጎደለ ሰዓቱ አላለቀም። ዳኛ አይሳሳትም።»

ተመለሰች። ጫጩቶቿ ገብሱ ሥር ተቀምጠው ዛላውን አንጋጠው ያያሉ። ዛላው መገርጣት ጀምሯል። እመት ቆቅ አለቀሰች፤ እንባዋን በክንፏ ጠረገችና ለሦስተኛ ጊዜ ወጣች። አሁን የሄደችው ወደ አሸዋው ነው። ጆሮዋን ወደ ብርጭቆው አስጠጋች።

«እናንተ ልጆች» አለች፣ «ለምን አትወርዱልኝም? ምን በደልኳችሁ?»

አሸዋው እርስ በርሱ ተንሾካሾከ።

«ጫጩቶቼ ሊያልቁ ነው። እውነቱን ንገሩኝ። አልቀየማችሁም።»

«ይቅር በይን» አለ አሸዋው በጣም ዝቅ ብሎ። «መውረድ አቅቶን ነው። ያ ያጠጣሽን ውሃ እርስ በርሳችን አጣብቆን፣ አንዳችን ከአንዳችን መላቀቅ አልቻልንም። በደግነት የሰጠሽንን እንዴት አድርገን ጎዳን እንበልሽ? ይሉኝታ ያዘን።»

እመት ቆቅ ክው አለች። ያን ጊዜ ነው «በቃን» ያሉት እውነታቸውን እንደነበረ የገባት። ውሃዋን ያስቀረችው ራሷ ናት።

አሁን ምን ታድርግ? ብትናገር ዕቃውን መንካቷ ይታወቃል፤ ተራዋን ታጣለች፣ ገብሱ ይሞታል። ዝም ብትል አሸዋው ላይ እንደተጣበቀ ይቀራል፣ የዝንጀሮም ተራ አያልቅም፤ ያኔም ገብሱ ይሞታል። «ሁለቱም ሞት ከሆነማ ቢያንስ ሳላፍር» ብላ አፏን ልትዘጋ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልትዘጋው ነበር።

ቀና ስትል ግን አያ ጃርትና እመት ሚዳቋ ዶማቸውን ታቅፈው ቦዩ ዳር ተቀምጠው አየቻቸው። ማንንም ሳይናገሩ፣ ሳያማርሩ፣ ያላለቀውን አሸዋ ያያሉ። ቀይ ሥሩ ጠውልጓል፤ ጎመኑ ተጠቅልሏል። እነሱ አሸዋውን አልነኩም። እመት ቆቅ ቀጥ ብላ ወደ ሾላው ሄደችና የአባ ኤሊን ቤት አንኳኳች።

ሁሉም ተሰበሰቡ። እመት ቆቅ አንድም ሳታስቀር ተናገረች፤ ሦስቱንም ጉንጭ፣ ሰሙንም፣ «በሞቴ» ማለቷንም።

አያ ዝንጀሮ ዘሎ ተነሣ። «ተራዋን ታጣ! ሕግ ነው! የእኔ ደግሞ አላለቀም!»

«አንዴ ቆይ» አሉ አባ ኤሊ። ሰሙን አላቀቁና አሸዋውን የእመት ሚዳቋ ሰፌድ ላይ አፍስሰው ፀሐይ ላይ አሰጡት። ብርጭቆው ባዶውን ቀረ።

«በል አንተ ዳኛው» አሉት አባ ኤሊ፣ «የዝንጀሮ ተራ አልቋል ወይስ አላለቀም?»

ብርጭቆው ላይኛውን ሆዱን አየ። «ላይ ምንም የለም። አልቋል» አለ። ከዚያ ታችኛውን ሆዱን አየ። «ታችም ምንም የለም። አልተጀመረም ማለት ነው» አለ። ደግሞ ላይ አየ፤ ደግሞ ታች አየ። በመጨረሻ ድምፁ ሰለለ። «እኔ እንጃ» አለ።

አባ ኤሊም ፈረዱ። «የአያ ዝንጀሮ ተራ አልቋል፤ ሁለት ቀን የቆመ ሰዓት ሰዓት አይደለም። ይህን ባለማየቴ እኔም አፍሬያለሁ። እመት ቆቅ ግን ዕቃውን ነክታለች። ልቤ እያዘነ ነው የምፈርደው፤ የዚህን ዙር ተራዋን አጥታለች።»

እመት ቆቅ እጅ ነሥታ ወደ ኋላ ተመለሰች።

አሸዋው ደረቀ። ወደ ብርጭቆው ተመለሰ፣ ሰሙም ተጣበቀ። አባ ኤሊ ገለበጡት፤ አሸዋው እንደ ልቡ ወረደ። የአያ ጃርት ተራ ሆነና ቀይ ሥሩ ጠጣ።

ይህ አያ ጃርት እንግዲህ ክፉ ነገር ባይሠራም፣ ለማንም አንዲት ቅጠል ሰጥቶ የማያውቅ ኩርፍተኛ ነበር። ላይኛው ሆድ ውስጥ ጥቂት አሸዋ ሲቀር፣ ዶማውን አነሣና የራሱን ቦይ ደፈነ። ውሃው ቁልቁል ወደ ገብሱ ሄደ።

«ምን ነካህ?» አሉት አባ ኤሊ። «አሸዋህ መች አለቀ?»

«አላለቀም» አለ ጃርት። «የቀረችው የእመት ቆቅ ትሁን።»

«እሷ ተራዋን አጥታለች እኮ።»

«የእሷን ተራ መች ሰጠኋት? ይህ የእኔ አሸዋ ነው» አለ ጃርት፣ እሾሁን አቁሞ። «ዝም ብላ ቢሆን ኖሮ ቀይ ሥሬ ዛሬ ገለባ ነበር። ከአሸዋዬ ቆርሼ ለፈለግሁት መስጠት አልችልም?»

አባ ኤሊ አሰቡ። አሸዋው ግን አልጠበቃቸውም፤ ይወርድ ነበር፤ ውሃውም ይሄድ ነበር።

ተራው የእመት ሚዳቋ ሆነ። ጎመኗን አጠጣች፤ ጥቂት አሸዋ ሲቀር እሷም ቦዩን ደፈነች። «ይህችም የእሷ ትሁን» አለች።

ከዚያ ዙሩ ወደ አያ ዝንጀሮ ተመለሰ። አያ ዝንጀሮ እስከ ጉልበቱ በጭቃ ተለቅልቆ መጣ። ያን ሁሉ ውሃ ሲያጠጣ ሰንብቶ ማሳው ኩሬ ሆኗል። ድንቹን ሊያይ እጁን ጭቃው ውስጥ ቢሰድ፣ ያወጣው ድንች በጣቶቹ መሀል ሟሟ፤ ከቦዩ አጠገብ ያለው ሁሉ በስብሶ ነበር።

«የዚህን ዙር ተራዬን ሙሉውን ትውሰደው» አለ ፊቱን አዙሮ። «ውሃ ሲባል እንኳ ያንቀጠቅጠኛል። ደግ ሆነ ብላችሁ ግን እንዳታወሩብኝ!»

ገብሱ ጠጣ። ወገቡን አቀና። ጥቂቱ ዛላ ገርጥቶ ቀረ እንጂ የቀረው ፍሬ ያዘ፤ ጫጩቶቹም ክረምቱን በሉት። እመት ቆቅ በዚያ ቀን ማሳዋ መሀል ቆማ ውሃው በእግሯ ጣቶች መሀል ሲያልፍ አለቀሰች፤ ይህኛው ግን የደስታ ነበር።

አባ ኤሊ እንስሳቱን ሁሉ ሾላው ሥር ጠሩ።

«የእንግዳችን ስም ዛሬ ይወጣል» አሉ። «ብዙ ዘመን በጥላ ለክተናል። ከጥላ ግን ቆርሶ ለጎረቤቱ የሰጠ አይቼ አላውቅም። ጥላ አይቆረስም። ዛሬ ጃርት ከሰዓቱ ቆርሶ ሲሰጥ አየሁ፤ ሚዳቋም ስትሰጥ አየሁ። ሰዓት ፍሬ ፍሬ እንደሆነ፣ ተቆጥቦ ለሌላ እንደሚሰጥ ያሳየን ይህ አሸዋ ነው። ስለዚህ ስሙ የአሸዋ ሰዓት ይባል። ትርጉሙን የጠየቃችሁ ካለ፣ ለጎረቤት የሚቆረስ ሰዓት ማለት ነው በሉት።»

«እኔስ?» አለ ብርጭቆው፣ ቀስ ብሎ። ዳኛ በሉኝ ማለቱን ትቶታል። «ስሙ ውስጥ እኔ የለሁበትም?»

«አንተ ባትኖርማ ነፋስ በበተነን ነበር» አለው አሸዋው። «አንተ ቤታችን ነህ።»

ብርጭቆው ይህን ሰምቶ ደስ አለው። ቤት መባል ብርሌ ከመባል ይሻላል።

ከዚያ በኋላ ፀሐይ በከረረች ቁጥር እመት ቆቅ በዚያ በኩል ታልፋለች። የለመደ ልብ ነውና እንግዳውን ስታይ አንጀቷ አይችልም፤ ድንጋዩ አጠገብ ቆም ትላለች።

«ውሃ ላምጣላችሁ?» ትላለች።

«በቃን» ይላል አሸዋው።

እመት ቆቅም «እሺ» ብላ ታልፋለች። «እሺ» ለማለት ስንት እንደታገለች የምታውቀው ግን እሷ ብቻ ናት።

እንግዲህ ልጆች፣ ከሰዓታችሁ ለጎረቤት ቆርሳችሁ ስጡ፤ ሲሰጡት የማያልቅ ባይሆንም፣ ሲሰጡት የሚያምር ነው። እንግዳችሁንም አጠጡ፤ ስትሰጡት ግን ድምፁን ስሙት።

ተረቴ ወርዶ አልቋል፤ ሌላው ይገልብጠው። ጉሮሮዬ ደርቋልና አንድ ኩባያ ውሃ ስጡኝ፤ «በቃኝ» ስላችሁ ደግሞ እመኑኝ።